ከጆሮዋ ሥር ያለው ነጭ

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ፀሐይን የማያማርር ሰው የለም፤ ከፀሐይ ጋር የለየለት ጠብ የነበራት ግን ሳሊሃ ናት። የአባቷ የሽንኩርት ማሳ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ የመስኖው ቦይ በሚያልፍበት ዳር ነው። አባቷ ሐሚድ ወገባቸውን ካመማቸው ወዲህ ውኃ የምታዞረው፣ ሠራተኛ የምታሰማራው፣ ከነጋዴ ጋር የምትከራከረው እሷ ሆነች። ሥራውን ትወደዋለች። ቆዳዋ ግን አልስማማም አለ። ፀሐይ ሲነካት ጉንጯና አንገቷ ይቀላል፣ ሽፍ ይልና ያሳክካታል፣ ከዚያ ይላጣል። ሻሽ ብትከናነብ እንኳ ከቦዩ ውኃ ላይ ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ከሥር ያገኛታል።

አምና ከገበያ አንድ ክሬም ገዝታ ነበር። ሽቶው ከሩቅ ይጣራል። አንድ ቀን ተቀብታው በማግስቱ ፊቷ አብጦ ዓይኗ ጠበበ። እብጠቱ ቶሎ ወረደ፤ ወሬው ግን አልወረደም። “የሐሚድ ልጅ መቅላት አምሯት ፊቷን አቃጠለች” ተባለ። መቅላት አላማራትም፤ ያማራት ሳታሳክክ መዋል ብቻ ነበር። ይህን ለማን ታስረዳ? ከዚያ ወዲህ “ክሬም” የሚለው ቃል ራሱ ያሳፍራት ጀመር።

ሰሀር አብሮ አደጓ ናት፤ አስፋልቱ ዳር ያለ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። አንድ ቀን ሳሊሃ ለአባቷ መድኃኒት ልትገዛ ስትገባ፣ ሰሀር ከመደርደሪያው ላይ አንድ ነጭ ቱቦ አውርዳ ፊቷ አስቀመጠችላት።

“ይኼ ሚኒራል ሰንስክሪን ነው” አለቻት። “ቆዳ ውስጥ አይገባም። ከላይ ቁጭ ብሎ ፀሐይዋን ይመልሳታል። ሽቶ የለውም። እንዳንቺ ቆዳው ቶሎ ለሚቆጣ ሰው የተሠራ ነው።”

“ያኛውም ሲሸጥልኝ ስንት ተብሎለት ነበር።”

“እባብ ያየ በልጥ በረየ። ለዚህ እኮ ነው መጀመሪያ ትንሽ ቦታ ላይ የምትሞክሪው። ጥቂት ቀን እዚያው ላይ ቀቢው፤ ካልቀላ፣ ካላሳከከ ፊትሽን ትቀቢያለሽ። ግን አንድ ነገር ልብ በይ፤ በኛ ቆዳ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። በስሱ አድርጊው። ደግሞ ውኃ ብቻውን አያስለቅቀውም። በዘይት አብሰሽ፣ ቀጥሎ በሳሙና።”

“ውዱእስ?” አለች ሳሊሃ። ከሁሉ በፊት የሚያሳስባት እሱ ነበር። ውኃ ቆዳዋን ካልነካ ሰላቷ ምን ሊሆን ነው?

“ፊትሽን መቀባት ስትጀምሪ ከውዱእ በፊት ታስለቅቂዋለሽ። ለሙከራው ግን ውዱእ የማይደርስበት ቦታ ፈልጊ፤ በቃ።”

ሳሊሃ ቤቷ ገብታ መስታወት ፊት ቆመችና ቦታውን መረጠች። ከጆሮዋ ሥር፣ አንገቷ ላይ። ፀሐይ ማሳ ላይ ያገኘዋል፤ ውዱእ አይደርስበትም፤ ቤት ስትገባ ሻሿ ይሸፍነዋል። የተመካከረችበት ሁሉ ልክ ነበር። የሳተችው በስሱ የተባለውን ብቻ ነው። የገበሬ ልጅ ናት፤ ማዳበሪያ በስሱ የተበተነበት ማሳ ምን እንደሚያበቅል አይታለች። ደህና አድርጋ አወፈረችው።

አሁን ስለ ሀሩን እንናገር።

ሀሩን በአይሱዙ ሽንኩርት እየጫነ አዲስ አበባ የሚያወርድ ነጋዴ ነው። ከሳሊሃ ጋር የተዋወቁት ተጣልተው ነው። የአባቷን ሽንኩርት “ደቃቃ ነው” አለ፤ እሷ ደግሞ አንዱን አንስታ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለትና “ጨብጠው” አለችው። ሊጨብጠው አልቻለም። ሳቀ፤ እሷም ሳቀች፤ ከዚያ ወዲያ ሽንኩርት በሌለበት ወቅት እንኳ በዚያ መንገድ ያልፍ ጀመር። ይህ ከሆነ ዓመት አልፎታል። የቀረው ሽማግሌ መላክ ነበር፤ ያ ግን ቀላል አልነበረም። የሀሩን እናት እትዬ አሪፋ የአሊዩ አምባ የነጋዴ ዘር ናቸው፤ ከተማው መሃል ትልቅ ሱቅ አላቸው። በቤታቸው ሴት ልጅ ሚዛን ትይዛለች እንጂ ዶማ ይዛ አታውቅም። ሀሩን ለወራት ለምኖ ለምኖ “እስቲ ልያት” አስባላቸው።

በአገሩ ደንብ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት የወንዱ እናት በሆነ ሰበብ ብቅ ብላ ልጅቷን ታያለች። ሰበቡን ሁሉም ያውቀዋል፤ ሁሉም እንዳላወቀ ይሆናል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እትዬ አሪፋም አንድ ከሰዓት በኋላ በባጃጅ ከሐሚድ ደጅ ወረዱና “ሽንኩርት ፈልጌ ነው የመጣሁት” አሉ። ልጃቸው ሽንኩርት በመኪና የሚጭን ሴት ናቸው። የሳሊሃ እናት ፋዲላ ፊቷን ኮስተር አድርጋ “ደህና ሽንኩርትስ አለን” ብላ ተቀበለቻቸው፤ ጓዳ ገብታ ግን እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች።

ሳሊሃ ከማሳ ተጠርታ መጣች። ልብስ ለመቀየር ጊዜ አገኘች፤ ዘይትና ጥጥ ለመፈለግ ግን አላገኘችም። ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ወጣች። ፓፓያ በሎሚ ቆርጣ አቀረበች። አሪፋ ስለ መስኖው፣ ስለ ዘንድሮ ዘር ጠየቋት፤ እሷም ዓይኗን ሳትሰብር መለሰች። ጥያቄው ስለ እርሻ ቢመስልም ሚዛን ላይ ያለው ምን እንደሆነ ታውቃለች። የአሪፋ ፊት ቀስ እያለ ሲፈታ አየችው። እጇ ሻካራ መሆኑንም አዩ፤ አልተከፉም።

ወዲያው የአስር ሰላት አዛን ተሰማ። ሁለቱ ወደ ጓሮ ወጡ። ሳሊሃ በጆግ እያፈሰሰች አሪፋን ውዱእ አስደረገቻቸው። ሲጨርሱ አሪፋ ጆጉን ከእጇ ወሰዱና “በይ እኔም ላፍስስልሽ” አሉ። ሳሊሃ ልቧ ሞቀ። አማት ለምራት ውኃ ልታፈስላት ነው። ደስታዋ አዘናጋትና ሻሿን ፈታ አድርጋ ጎንበስ አለች።

ፊቷን ስትታጠብ ውኃው ወደ አንገቷ ወረደ። ከጆሮዋ ሥር ሲደርስ ግን ነጭ ነገር ላይ ጠብ ጠብ ብሎ ተንከባለለ። አሪፋ አዩት።

“ምን ነክቶሽ ነው ልጄ?” ብለው በእርጥብ አውራ ጣታቸው አሹት። አልለቀቀም። ደገሙት። ጣታቸው አለፈ፤ ነጩ እዚያው ቀረ።

ሳሊሃ ያኔ አንድ ቃል ብትናገር ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ያ ቃል ግን “ክሬም” ነው። መቅላት አማራት የተባለው ወሬ ትዝ አላት። እኚህ ጥንቁቅ ሴት ፊት ክሬም ተቀብቻለሁ ከማለት ሞት ይሻላታል።

“ምንም አይደለም እትዬ” አለችና ሻሿን ጎትታ ሸፈነችው።

አሪፋ እጃቸውን መለሱ። ሰላታቸውን ሰገዱ፣ ለፓፓያው አመስግነው ተነሡ። ሽንኩርቱን አልገዙም። ፋዲላ በር ድረስ ሸኝታ ስትመለስ ሳሊሃ ጆጉን እንደያዘች ጓሮ ቆማ ነበር። የቅድሙ ሙቀት ከልቧ ወጥቷል፤ ምክንያቱን ግን አላወቀችውም።

ሽማግሌዎቹ ከጁምዓ በኋላ ይመጣሉ ተብሎ ነበር፤ አልመጡም። በቀጣዩም ጁምዓ አልመጡም። ሀሩን ስልክ አያነሣም። አንድ መልእክት ብቻ ላከ፤ “ትንሽ ታገሺኝ” ይላል። ሳሊሃ እሱን መልእክት ቦዩ ዳር እየተቀመጠች ደጋግማ አነበበችው። ከቃላቱ በስተጀርባ ምን እንዳለ ለማወቅ የሞከረችውን ያህል ለፈተና አጥንታ አታውቅም።

“ፓፓያው አልበሰለም ነበር መሰለኝ” አለች ፋዲላ አንድ ቀን በቁም ነገር።

“እማዬ፣ በፓፓያ ሰው አይቀርም።”

“ታዲያ በምን ቀሩ?”

ሳሊሃ መልስ ነበራት፤ ለእናቷ ግን አልነገረችም። በእጇ ነው የቀሩት። ያንን ሻካራ እጅ አይተው ቤታቸው ሲገቡ ተጸጽተው ነው። የነጋዴ ቤት የዶማ እጅ አይወድም። ይህን ስታስብ አባቷን ታያለች፤ አባቷን ስታይ ደግሞ ያሰበችው ያሳፍራታል።

የሚገርመው ቆዳዋ ነው። ሙከራው ሠርቷል። ከጆሮዋ ሥር አልቀላም፣ አላሳከከም። አሁን በስሱ፣ ሰሀር እንዳለቻት እያደረገች ፊቷን መቀባት ጀመረች፤ ለሰላት ስትነሣ በዘይት ታስለቅቀዋለች፣ ስትመለስ ትቀባለች። ለመጀመሪያ ጊዜ በጋው ሳይልጣት እያለፈ ነው። አሻግረው የሚያዩዋት ሠራተኞች “ሳሊሃ ዘንድሮ አማረባት” ይላሉ። እሷ ደግሞ ያማረው ፊቴ የሚያየው ሰው በሌለበት ምን ይሠራልኛል ትላለች።

ሀሩን የመጣው መኪናውን ሳይዝ ነው። ማሳው ጫፍ ላይ ከባጃጅ ወርዶ በድንበሩ ላይ እየተራመደ መጣ። ከስቷል። ሳሊሃ ውኃ እያዞረች ነበር፤ ዶማዋን አላስቀመጠችም።

“ዝም ያልኩሽ ጠልቼሽ አይደለም” አላት።

“እንግዲያ ምን ሆነህ ነው?”

“እናቴ ነገረችኝ።”

“ምኑን?”

ዓይኑ ወደ አንገቷ ሄዶ ተመለሰ። “ያንን። ለምጹን።”

ሳሊሃ ዶማውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። እርጥቡ አውራ ጣት፣ የተመለሰው እጅ፣ ያልተገዛው ሽንኩርት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣላት። ሀሩን ግን ዝምታዋን እንደ ማመን ቆጠረውና ቸኩሎ ቀጠለ።

“ስሚኝ፣ አትፍሪ። ደብረ ብርሃን ሄጄ ሐኪም ጠይቄያለሁ። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም ብሎኛል። ሼሁንም ጠይቄያለሁ፤ ኒካህ የሚከለክል ነገር የለውም ብለውኛል። ለእናቴም ቁርጡን ነግሬያታለሁ። ሳሊሃን ነው የማገባው፤ ብትመርቂንም ባትመርቂንም ብያታለሁ። ወላሂ፣ አንገትሽ ቀርቶ ሁለመናሽ ነጭ ቢሆን እኔ አንቺን ነው የምፈልገው።”

ይህ ሰው ለእሷ ብሎ እናቱን ሊያጣ ነበር። ግን ከፍቅሩ ሥር አንድ ነገር ቆረቆራት።

“ሐኪም ጠየቅህ። ሼሁን ጠየቅህ። ከእናትህም ተነጋገርህ” አለችው። “ሁሉን ጠይቀሃል። እኔን ብቻ ሳትጠይቀኝ ቀረህ።”

“እንዳላሳፍርሽ ብዬ ነው።”

“ሀሩን፣ ለምጽ የለብኝም።”

ከቀሚሷ ኪስ ቱቦውን አወጣች። ከእጇ ጀርባ ላይ አደረገችና አሳየችው፤ ወፈር ያለ ነጭ። ከቦዩ ውኃ ጨለፍ አድርጋ አፈሰሰችበት። ውኃው ተንከባለለ፤ ነጩ ቀረ። “ይኸውልህ ለምጼ። ለፀሐይ ነው፤ ቆዳዬ እንዳይቆጣ። ያን ቀን ልሞክረው ብዬ አበዛሁት። እናትህ ፊት ክሬም ነው ማለት አሳፈረኝ።”

ሀሩን እጇን አየ። ፊቷን አየ። ከዚያ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ትከሻው ወረደ፤ በመዳፉ ፊቱን ሸፈነና በለሆሳስ “አልሐምዱሊላህ” አለ።

ቢስቅ ኖሮ አብራው ትስቅ ነበር። ቢቆጣትም ትችለው ነበር። ያ ትንፋሽ ግን ልቧን አቀዘቀዘው።

“አሁን ነው የተነፈስከው” አለችው።

“ምን?”

“ሁለመናሽ ነጭ ቢሆን ያልከኝ ሰው፣ ነጭ አለመሆኔን ስትሰማ ሸክም እንደወረደለት ሰው ተነፈስክ። ነገ በሽታም ሆነ እርጅና አንድ ነገር ቢያደርገኝ ያንን ትንፋሽ መልሰህ ትውጠዋለህ?”

“እንደሱ አይደለም ሳሊሃ፣ አታውቂም እኮ፣ እኔ ያየሁትን ብታዪ…”

“በዓይኔ ያየሁት ይበቃኛል። ሂድ አሁን።”

ጀርባዋን ሰጠችው። እነሱ ሲነጋገሩ ውኃው መደቡን ሞልቶ ወደ ሰው ማሳ እየገባ ነበር፤ በዶማዋ መለሰችው። ዞር ስትል ሀሩን ድንበሩ ላይ እየራቀ ነው። እውነቱ ከእሷ ጋር እንደሆነ አልተጠራጠረችም። ግን ምንም አላጽናናትም።

ሀሩን የሆነውን ሁሉ ለእናቱ ነግሮ ኖሯል። ብዙም ሳይቆይ እትዬ አሪፋ በድጋሚ ከሐሚድ ደጅ ወረዱ።

“ሽንኩርቱ አልቋል” አለች ፋዲላ በር ላይ ቆማ።

“ሽንኩርት አልፈለግሁም። ልጅሽን ፈልጌ ነው።”

ሳሊሃ ገና ከማሳ መግባቷ ነበር፤ ክሬሙ ፊቷም አንገቷም ላይ አለ። አሪፋን ሰላም ብላ አስቀመጠቻቸውና ዘይት፣ ጥጥ፣ ሳሙናና ውኃ አምጥታ እፊታቸው ተቀመጠች። ምንም አልተናገረች። በጥጡ አበሰች፣ በሳሙና ታጠበች። ከዚያ ሻሿን ገለጥ አድርጋ አንገቷን አዞረችላቸው።

“ይኸው እትዬ። ለቀቀ።”

“አየሁት።”

“ባይለቅስ ኖሮ?”

ፋዲላ ጉሮሮዋን ጠረገች። እንዲህ ያለ ጥያቄ ለአማት አይጠየቅም። አሪፋ ግን ነጋዴ ናቸው፤ ቀጥተኛ ጥያቄ አይከፋቸውም። ጥቂት አሰቡ።

“ባይለቅ አልመጣም ነበር” አሉ። “ዋሽቼ ምን እጠቀማለሁ? ክፉ ሴት ናት ካልሽ አልፈርድብሽም። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። እህት አለችኝ፣ መሊካ ትባላለች። አሊዩ አምባ ውስጥ እንደሷ ያለ ቆንጆ አልነበረም። ታጨች። ሰርጓ ሲቃረብ እጇ ላይ ነጭ ወጣ። ከዚያ ፊቷ ላይ። ሽማግሌ የላኩት ሰዎች ቃላቸውን አጠፉ። ከእጇ ውኃ የሚቀበላት ጠፋ። እቤት ገባች፤ እንደገባች ቀረች። ደግሞ ያ ነጭ ቆዳ ፀሐይ አይችልም፤ ትንሽ ሲነካው እንደ እሳት ያቃጥላታል። ቀን ከቤት አትወጣም። የዘመድ ሰርግ እንኳ አይታ አታውቅም።”

ሳሊሃ ጥጡን አስቀመጠች።

“ሱቃችን ያኔ እዚያው ነበር። እኔ ሱቅ ስውል ሀሩን ከእሷ ጋር ነበር የሚውለው፤ ያሳደገችው እሷ ናት። ሕፃን ሆኖ እጇን በሻሽ እየሸፈነ ‘አክስቴ ነይ እንውጣ’ ይላት ነበር።” አሪፋ ወደ ሳሊሃ አንገት ተመለከቱ። “ያን ቀን አንገትሽን ሳይ ያየሁት አንቺን አልነበረም። መሊካን ነው ያየሁት። ይሄ ነገር ተመልሶ ቤቴ ሊገባ ነው ብዬ ፈራሁ። የፈራ ሰው ደግሞ ይጨክናል።”

ሀሩን ማሳው ላይ “እኔ ያየሁትን ብታዪ” ያላት አሁን ገባት። አላስጨረሰችውም ነበር። ያን ትንፋሽ የተነፈሰው ለራሱ ይሁን ለእሷ እርግጠኛ አልሆነችም፤ ግን እርግጠኛ ሆና የተናገረችው ቃል አፏ ውስጥ መረራት።

አሪፋ ቱቦውን አንስተው አገላበጡት። “ቆዳ አያስቆጣም የምትዪው ይሄ ነገር” አሉ እያመነቱ፣ “ለመሊካ ይሆን ይሆን?”

ሳሊሃ ለሰሀር ደወለች። ሰሀር ነጩ ቆዳ የራሱ መከላከያ እንደሌለው፣ ይህ ክሬም በተለይ ለእንደዚያ ያለ ቆዳ እንደሚመከር፣ ግን እሳቸውም መጀመሪያ ትንሽ ቦታ ላይ መሞከር እንዳለባቸው፣ ሻሽና ጥላም እንዳይቀር ነገረቻት። ሳሊሃ ስልኩን ዘጋች።

“ይሆናል ብላለች እትዬ። ግን ለእርስዎ አልሰጥዎትም።”

አሪፋ ቀና አሉ።

“እኔው እወስደዋለሁ” አለች ሳሊሃ። “በእጄ ነው የምቀባቸው።”

አሪፋ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። ፋዲላም ኮስታራነቷን ረስታ ፓፓያ ልትቆርጥ ተነሣች።

አሊዩ አምባ ለመድረስ ደጋውን ወጥቶ፣ ደብረ ብርሃንንና አንኮበርን አልፎ፣ እንደገና ቆላ መውረድ ነው። ሀሩን ነዳ። እትዬ አሪፋ መሃል ተቀመጡ፤ ሳሊሃ መስኮቱ ጋ ሆነች። ፋዲላ የፈቀደችው በዚህ አቀማመጥ ነው። መንገዱን ሁሉ ሁለቱ አልተነጋገሩም። ሀሩን የኋላውን ለማየት መስታወቱን ሲያስተካክል ብቻ ዓይናቸው እዚያ ውስጥ ይገናኛል፤ እሱም ወዲያው ይመልሰዋል።

እትዬ መሊካ ከውስጠኛው ክፍል ሆነው ተቀበሏት። ፊታቸውና እጃቸው ላይ ቡናማውና ነጩ ተራ በተራ ነው። ሳሊሃ ያዘነች፣ አንገቷን የደፋች ሴት ጠብቃ ነበር የመጣችው።

“የውሸት ለምጽ የወጣባት ሙሽራ አንቺ ነሽ?” አሏት።

“አዎ እትዬ።”

“እኔ የእውነቱ ነኝ። እንተዋወቅ።”

ሳሊሃ ሳታስበው ሳቀች፤ መሊካም ሳቁ። ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሳሊሃ ትንሽ ጨመቀችና ከመሊካ ጆሮ ሥር በስሱ አደረገችው። እዚያ ቦታ ላይ ቆዳቸው ነጭ ነበር። አሪፋ መስታወት አቀረቡላቸው፤ መሊካ አንገታቸውን አዞሩ።

“የት አለ?”

“እዚህ ላይ አይታይም እትዬ።”

“እኔን አስቦ ነዋ የተሠራው” አሉ መሊካ። ቀለል አድርገው ነው የተናገሩት፤ መስታወቱን ግን ቶሎ አላስቀመጡም።

ሙከራው እስኪያልቅ ሳሊሃ ከአሪፋ ጋር እዚያው ሰነበተች። ፋዲላ በስልክ ብትነጫነጭም ፈቀደች። ሀሩን ጭነት ሊያደርስ ሄደ። ሳሊሃ ጠዋት ጠዋት ቦታውን ታያለች፤ አልቀላም። ታሻቸዋለች፣ “ያሳክክዎታል?” ትላለች። “የሚያሳክከኝ ያንቺ ጥያቄ ነው” ይሏታል። በነዚያ ቀኖች ስለ ሀሩን ልጅነት ሰማች። የሕፃን እጁን የአክስቱ እጅ ላይ ዘርግቶ፣ ጥላ እንዲሆናት እየሞከረ፣ በር ድረስ ይዟት እንደሚሄድ፤ በሩ ላይ ሲደርሱ እሷ እንደምትመለስ፤ እሱ እንደሚያለቅስ። መሊካ ይህን ሲያወሩ ይስቁ ነበር። ሳሊሃ ግን ማታ ጋደም ስትል ማሳው ላይ ጀርባዋን የሰጠችውን ሰው ታስባለች።

ሙከራው ባለቀ ማግስት ረፋዱ ላይ ሳሊሃ የመሊካን ፊት፣ አንገትና እጅ ቀባች። ሻሻቸውን አሰረችላቸው፣ ጥላ አስያዘቻቸው። አሪፋ በሩን ከፈቱ። ውጭው በብርሃን ተሞልቷል፤ ወደ ገበያ የሚወርዱ ሰዎች ድምፅ ይሰማል።

መሊካ የበሩ ደፍ ላይ ቆሙ። የሚያካፋ መስሎት እንደሚያጣራ ሰው መጀመሪያ እጃቸውን ብቻ ወደ ፀሐይ ዘረጉ። ጠበቁ። ሳሊሃም ጠበቀች። ሳታውቀው ትንፋሿን ይዛ ነበር።

“አያቃጥልም” አሉ መሊካ።

አንድ እግራቸውን አወጡ። ከዚያ ሌላኛውን። ከደጃፉ ራቅ ብላ ካለችው ግራር ሥር፣ ለካ ሀሩን ደርሶ ኖሮ፣ ከመኪናው ወርዶ ቆሟል። ወደ እነሱ አልተራመደም። አክስቱን በቀን ብርሃን አየ። ከዚያ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ፤ ትከሻው ወረደ፤ በመዳፉ ፊቱን ሸፈነና በለሆሳስ “አልሐምዱሊላህ” አለ።

ሳሊሃ ያንን ትንፋሽ ታውቀዋለች። ማሳው ላይ የተነፈሰው እሱን ነው። ያን ጊዜም ደስ ያለው ከጎኑ የምትቆመው ሴት ነጭ ስላልሆነች አልነበረም፤ በር ተዘግቶባት ስለማትቀር ነበር። በልጅነቱ አክስቱ ከደጃፍ እንደተመለሰችበት እሷም እንዳትመለስበት ነው።

ወደ ግራሩ ሄደች። ስትቀርበው እጁን ከፊቱ አወረደ፤ ዓይኑ ረጥቧል።

“አላስጨረስኩህም” አለችው። “ይቅር በለኝ።”

“እኔም አልጠየቅሁሽም። አንቺም ይቅር በይኝ።”

ሁለቱም ወደ መሊካ ዞር አሉ። መሊካ ጥላውን ለአሪፋ አስይዘው ከአንዲት ጎረቤት ጋር ሰላምታ ጀምረዋል። ጎረቤቷ ደንግጣ ቆማለች፤ እሳቸው ግን የእሷን ጤና፣ የልጆቿን፣ የከብቶቿን እየጠየቁ ነው። ለዓመታት ያላወሩትን ሁሉ በአንድ ቀን ሊያወሩት ተነሥተዋል።

“ሽማግሌዎቹን ላካቸው” አለች ሳሊሃ። “ኒካሁ ግን በቀን ይሁን፤ ረፋድ ላይ። እሳቸው ከፊት ይቀመጣሉ።”

ሀሩን ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ሳሊሃም አልቸኮለችም። ከደጃፉ ጀምሮ ይዛው የቆየችውን ትንፋሽ ያኔ ነው የለቀቀችው።